ከመመዝገብ በፊት

እሱ፦ አሜሪካ ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን ብዙውን ጊዜ ኮርስ የሚመርጡት ጓደኛ ጠይቀው ነው። ለምርቃት የትኛው ኮርስ እንደቀረ የሚያሳየውን፣ ዲግሪ ወርክስ የሚባለውን የኮሌጅ ፕሮግራም ስንቱ ይከፍተዋል?

እሷ፦ የከፈተውም 120 ክሬዲት ሞላ አልሞላ ብቻ ያያል። ቁጥሩ ሞልቶ እኮ አንድ ግዴታ ኮርስ ከጎደለ ምርቃት የለም!

እሱ፦ ገንዘቡስ?

እሷ፦ ዋናው እሱ ነው። የፌዴራል እርዳታ የሚሰላው ለዲግሪው በሚቆጠሩ ኮርሶች ነው። አንዲት ተማሪ 12 ክሬዲት ተመዝግባ 3ቱ ካልተቆጠሩላት፣ ለእርዳታው የ9 ክሬዲት ተማሪ ናት።

እሱ፦ ትምህርት ክፍል መቀየር ቢያምራትስ?

እሷ፦ እዚያው ዲግሪ ወርክስ ላይ «ዋት ኢፍ» የሚለውን ትጫን። ከነርሲንግ ወደ አካውንቲንግ ብትዞር የትኛው ኮርስ እንደሚያዝላት ያሳያታል፤ መዝገቧ ላይ የሚነካ ነገር የለም። ከሌላ ኮሌጅ ያመጣችው ክሬዲት ግን ያለቦታው ገብቶ ከሆነ፣ አማካሪዋ ጋ ሄዳ ታስተካክል።