ጥሪን መለየት በፍራንቸስካውያን ትውፊት፦ ከጎርጎራ ዳርቻ የተነሣ ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የሰጡኝ ርእስ «ፍራንቸስካውያን በኢትዮጵያ» የሚል ነበር። እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄ አጠበብሁት። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ከክፍል በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጣ፤ በሩን ዘጋና «መምህር፣ ሰው የምንኩስና ጥሪ እንዳለው በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። መጻሕፍት ጠቆምሁት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። የዛሬው ንግግር የዘገየ መልስ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ በወጣትነቴ በዚሁ በፍራንቸስካውያን ሥርዓት በአመክሮ ኖሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብቄ እንደ ሩቅ ተመልካች ብናገር አዳማጮቼን ማታለል ይሆንብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጎርጎራ ልጀምር። ብዙዎቻችሁ ስፍራውን ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጣናን ወደ ሰሜን ለሚሻገር ሰው የደምቢያ ሜዳ ከሐይቁ የሚገናኝበት ዳርቻ ነው። ክብ ቅርጽ ያላትና በሥዕል የተሞላችው ደብረ ሲና ማርያም እዚያ ናት። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው በጎርጎራ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ ደግሞ ሰዉ ማርያም ግምብ የሚለው ፍርስራሽ ይገኛል፤ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን የተሠራ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁና አላስረዝምም። ፓኤዝ በትዕግሥትና በቋንቋ ዕውቀት የገነባውን ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በአዋጅ ሊያጸናው ሞከረ፤ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ለእኔ ያ ፍርስራሽ ጥሪ የቤተ መንግሥት ጉልበት ሲታከልበት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምስክር ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማይቀበሉት የታሪክ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ።

ፍራንቸስካውያን ወደ ጎንደር የመጡት ከዚህ ቍስል በኋላ ነው። በ1638 አጋታንጅ ዘቫንዶም እና ካስያን ዘናንት የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት የግብፅ መነኮሳትን ልብስ ለብሰው ገቡ፤ ተይዘው በፋሲለደስ ፊት ቀረቡና በስቅላት ሞቱ። የተሰቀሉበት ገመድ የገዛ መታጠቂያቸው እንደ ነበረ ይተረካል። በ1712 ደግሞ ከባቫርያ ሊቤራቱስ ቫይስ፣ ከኢጣልያ ሳሙኤል ማርዞራቲና ሚኬሌ ፒዮ ፋዞሊ ጎንደር ደረሱ። ዓፄ ዮስጦስ በመልካም ተቀበላቸው፤ ሕዝቡ እንዳይነሣባቸው ግን በግልጽ እንዳይሰብኩ ከለከላቸው። ዮስጦስ ታሞ ዙፋኑ ወደ ዓፄ ዳዊት ሣልሳዊ ሲያልፍ ተከሰሱ፤ መጋቢት 3 ቀን 1716 በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። የፊተኞቹ ሁለቱ በ1905፣ የኋለኞቹ ሦስቱ በ1988 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዓን ተብለዋል።

እኔ ወደ ጎርጎራ የሄድሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ወደ አመክሮ ቤት ልገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ በክረምት ነው። በኪሴ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረች፤ በመጀመሪያ ገጿ የእነዚህን የአምስቱን ሰዎች ስም በቀይ ቀለም ጽፌ ነበር። የሳበኝ ኑሯቸው አልነበረም፤ አሟሟታቸው ነበር። ጥሪ እንዳለኝ ያረጋገጥሁት ስማቸውን ባነበብሁ ቍጥር ልቤ ስለሚሞቅ ነው። ዛሬ ወጣቶች «ውስጤ ነገረኝ» የሚሉት ዐይነት መሆኑ ነው።

በደብረ ሲና ቅጥር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ። «አባ ይፍቱኝ» አልሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ካቶሊክ መሆኔንና ልመነኩስ መሄዴን ነገርኋቸው። ክርክር ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም። የጠየቁኝ «ስንት ዘመን ረዳህ?» ብለው ነው። አልገባኝም። «ረድእ ሆነህ ማለቴ ነው» አሉ። «ገና አልጀመርሁም፤ ጥሪው ግን አለኝ» አልኋቸው። ፈገግ ብለው፣ «እኛ ዘንድ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሽማግሌ ማስታመም ይቀድማል። ቆቡ ኋላ ነው። ሰውየውን እኛ እናየዋለን እንጂ እሱ ራሱን ምን ብሎ ያየዋል?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ይህን የገጠር አባት ምክር ብዬ አለፍሁት። ከዓመታት በኋላ ምንጮቹን ሳጠና ግን አረጋዊው በሦስት ዐረፍተ ነገር የተናገሩት የፍራንቸስካውያን ትውፊት እምብርት ሆኖ አገኘሁት። የምንናገርበት ቃል ራሱ አንድ ነው፦ አመክሮ። በእኛ ገዳማት ረድኡ በአገልግሎት ተፈትኖ ቅናቱን፣ ቆቡን፣ አስኬማውን በየደረጃው ይቀበላል። ፍራንቸስካዊውም ባለ ሦስት ቋጠሮውን መታጠቂያ የሚታጠቀው ሌሎች ካዩት በኋላ ነው።

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ራሱ ጥሪውን ወዲያው አልተረዳም። በፈረሰችው በቅዱስ ዳምያኖስ ቤተ ክርስቲያን ከመስቀሉ ቤቱን እንዲጠግን ሲታዘዝ ቃሉን እንደ ግንበኛ ሰማው፤ ድንጋይ ለምኖ፣ ኖራ ተሸክሞ ግድግዳ መጠገን ጀመረ። ተሳስቶ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የተሳሳተውን ትእዛዝ በእጁ እየሠራ ሳለ ትክክለኛው ተገለጠለት፤ በኋላ የመጡት ወንድሞች ያገኙት ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ስለ ለውጡ በኑዛዜው ሲናገር ደግሞ መነሻ ያደረገው ራእይን ሳይሆን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ነው፦ ማየታቸው እጅግ ይመረው የነበረ፣ በመካከላቸው ካገለገለ በኋላ ግን ምሬቱ ጣፋጭ የሆነለት ሰው መሆኑን ይመሰክራል። የጥንቱ ወንድማማችነት ገቢዎችን፣ ባላባትም ይሁኑ ድኻ፣ ሕሙማኑን እንዲያገለግሉ ይልክ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፈተናው የልብ ሙቀት አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀኝ ሌላው ነው። ፍራንቸስኮስ ማኅበሩን ከመሠረተ በኋላ እንኳ በጸሎት ብቻ ይኑር ወይስ ይስበክ ብሎ ተጠራጠረ። ምን አደረገ? ወንድሞችን ልኮ ቅድስት ክላራንና በተራራ ይጸልይ የነበረውን ካህኑን ሲልቬስትሮን አስጠየቀ። ሁለቱም ሳይመካከሩ «ስበክ» አሉት፤ ተነሥቶ ሄደ። አንድ የማኅበር መሥራች፣ ሕዝብ ሁሉ ቅዱስ የሚለው ሰው፣ የገዛ ጥሪውን ለማወቅ ሌላ ሰው ጠየቀ። አንዷ ሴት ናት፤ በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉም ይህንኑ አጸና። መጀመሪያ ላይ የአመክሮ ዘመን አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ይገባ ነበር። በ1220 ጳጳሱ ሆኖርዮስ ሣልሳዊ የአንድ ዓመት አመክሮ እንዲኖር አዘዙ፤ በ1223 የጸደቀው ሕግም ይህን ያዘ። ዛሬም በላቲን የቀኖና ሕግ አመክሮው ከ12 ወር አያንስም፤ ከዚያም የዘለዓለም መሐላ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ሦስት ዓመት ጊዜያዊ መሐላ ይቀድማል። በዚያው የ1223 ሕግ ውስጥ አንድ ደስ የሚለኝ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ወንድሞች የገቢው ንብረት ወዴት እንደሚሄድ እንዳይጨነቁ፣ እጃቸውንም እንዳያስገቡበት ይከለክላል። ጠሪው ራሱ በተጠሪው ገንዘብ ከተፈተነ የጥሪው ምርመራ እንደሚበላሽ የተረዳ ሰው የጻፈው ነው።

የሰማዕትነት ምኞትስ? ይኸው ሕግ ወደ ሩቅ አገርና ወደ ሌላ እምነት ሰዎች ሊሄድ የሚመኝ ወንድም ከአለቃው ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዛል፤ አለቃውም ብቁ ሆኖ ያላገኘውን እንዳይልክ። ከዚያ በፊት በ1221 የተዘጋጀው ሕግ ደግሞ በእነዚያ ሰዎች መካከል መኖር በሁለት መንገድ እንደሚቻል ይናገራል፤ የመጀመሪያው ክርክርና ጠብ ሳይገቡ፣ ለፍጥረት ሁሉ ስለ እግዚአብሔር ተገዝቶ መኖር ነው። ስብከቱ ሁለተኛ ነው፤ እርሱም እግዚአብሔር የወደደው ሲመስል። በጥር 1220 አምስት ወንድሞች በሞሮኮ ተገደሉ። ዜና ጸሐፊው ጆርዳኖ ዘጃኖ እንደሚነግረን፣ ወንድሞች በሰማዕታቱ ሲመኩ ያየው ፍራንቸስኮስ ገድላቸው እንዳይነበብ ከለከለ፤ እያንዳንዱ በራሱ መከራ ይመካ እንጂ በሌላው አይመካ በማለት። ይህን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ቀይ ቀለሟ ደብተር ትዝ አለችኝ፤ አፈርሁ።

የአንቶንዮስ ዘፓዱዋ ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በፖርቱጋል ሳለ የእነዚያን የአምስቱን አስከሬን አይቶ እንደ እነርሱ ሊሞት ፍራንቸስካዊ ሆነ፤ ሞሮኮ ደርሶ በሕመም ተኛ፤ ሲመለስ ነፋስ መርከቡን ወደ ሲሲሊ ገፋው። ቀሪ ዘመኑን በኢጣልያና በፈረንሳይ ሲሰብክና ሲያስተምር ኖሮ በ1231 ሞተ። ጥሪው እውነተኛ ነበር፤ ስለ ጥሪው የነበረው ሥዕል ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በአመክሮዬ ዘጠነኛ ወር ላይ የሚያሳድገን አባት አስጠርተው «ወንድሞችህ ስለ አንተ የሚሉትን ልንገርህ?» አሉኝ። «ይንገሩኝ» አልሁ። በጸሎት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል፣ ያነባል፣ ለሁሉም ትሑት ነው፤ የታመሙትን ሽማግሌ ወንድም የማስታመም ተራ ሲደርሰው ግን ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም፤ ያሉት ይህን ነው። ሐሰት ነው ማለት አልቻልሁም። የሽማግሌው ክፍል ሽታ ያስመልሰኝ ነበር፤ ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ እያበዛሁ እሸሽ ነበር። እንድወጣ ማንም አላዘዘኝም። ሦስት ሳምንት ተቈጥቼ፣ ከዚያ አዝኜ፣ በመጨረሻ በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ። ለብዙ ዓመታት «ጥሪውን ጣልሁት» ብዬ አምን ነበር፤ ቤተሰቤም እንደዚያ አሰበ። በአገራችን ከገዳም የተመለሰ ሰው እንዴት እንደሚታይ አትጠፉትም።

ዛሬ እንደዚያ አላስብም። አመክሮ «አይሆንም» የሚል መልስ ሊወጣበት ካልቻለ ፈተና አይደለም። ፍራንቸስኮስ ለወንድም ሌዎ በጻፋት አጭር ደብዳቤ እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት የተሻለ መስሎ የታየህን መንገድ በበረከት ሂድ የሚል ትርጉም ያለው ፈቃድ ይሰጠዋል። ከወጣሁ በኋላ እናቴን አራት ዓመት አስታመምሁ። አመክሮው ለዚያ አዘጋጅቶኛል ብዬ አምናለሁ፤ እኅቴ ብትጠየቅ ግን ሌላ ነገር ልትል ትችላለች።

ስለ አምስቱም የማስበው ተለውጧል። በቫይስና በባልንጀሮቹ ታሪክ የመጨረሻዋን ቀን ሁሉም ይጽፋታል። እኔን አሁን የሚይዘኝ ከ1712 እስከ 1716 ያለው ጊዜ ነው፦ ለመስበክ ከአውሮፓ የመጡ፣ እንዳይሰብኩ የተነገራቸው፣ የሰው አገር ቋንቋ እየተማሩ በዝምታ የኖሩ ሦስት ሰዎች። ቫይስ አስቀድሞ በዓባይ በኩል ሞክሮ መንገዱ ተዘግቶበት የተመለሰ ነው። የ1221ዱ ሕግ የመጀመሪያ መንገድ ያለው ፈልገውትም ሆነ ሳይፈልጉ በጎንደር ኖረውታል። የታሪክ ተማሪዎቻችን እንደ ቴዎዶር ክሩምፕና እንደ ሬሜድዮስ ፕሩትኪ ያሉትን ፍራንቸስካውያን ጸሐፊዎች የሚያነቡት ለጎንደር ነገሥታት ፖለቲካ ሲሉ ብቻ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች የጥበቃ ዓመታት ግን ገና አንባቢ ይፈልጋሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣ ካለ ይውሰደው።

ያ ተማሪ ዛሬ በአዳራሹ ይኑር አይኑር አላየሁትም። ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው። በዚህ ጊዜ በሩን አንዘጋም፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም ከእርሱ ጋር በአንድ ዶርም የሚኖሩት ልጆች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ ነው።