በሬው የሚሸጠው መጨረሻ ነው

እሷ፦ “ዝናብ ሲቀር ገበሬው እጁን አጣጥፎ እርዳታ ይጠብቃል” ሲባል ስሰማ ያመኛል።

እሱ፦ የወሎን ቆላ ማሳ ያየ እንዲህ አይልም። ገበሬው ሚያዝያ ላይ ቶሎ የማይደርሰውን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከከዳው ማሳውን ገልብጦ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራበታል። ጤፉም ካልያዘ፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ።

እሷ፦ ሦስቴ መዝራት ሦስቴ ዘር ማውጣት ነው እኮ! ዘሩ ደግሞ ልጆቹ የሚበሉት እህል ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ከዚያ ገበያ ይወጣል፤ ዶሮ፣ ፍየል፣ በግ። በሬው መጨረሻ ነው። እሱ ከተሸጠ ለከርሞ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ነው፤ ምርቱን ተካፍሎ ማደር።

እሷ፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ የከሳው ከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህሉ ይወደዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ እናት “እኔ በልቻለሁ” ብላ ከመሶቡ ቀድማ ትነሳለች። ይህን የሚመዘግብ የለም።

እሱ፦ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ባይኖር ደግሞ ይብስ ነበር። በእሱ እርከን ሠርቶ ስንዴ ወይም ብር መቀበል ክብርም አለው።

እሷ፦ ክፍያው ከዘገየስ?

እሱ፦ ያኔ በሬው ይነዳል።

እሷ፦ ስለዚህ ክፍያው ክረምቱ ሳይገባ ይድረስ፤ የከብት መኖም አብሮ ይታሰብ። ከብቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ገበሬውን መልሶ አያቋቁመውም።