ሳያዩ መተኮስ፣ ሳይጨርሱ ማንበብ



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ገጥማችሁ፣ አሁን ደግሞ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋልና እንኳን ደስ ያላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ሌሊት ነው። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን ወደ አንኮበር የመጣን ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አደን እናድራለን ብለን የወጣንበት ሌሊት ነው። ነገሩ የጀግንነት ወሬ አይደለም። ጥፋታችንን ነው የምንነግራችሁ።

በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ወፍ ዋሻ የሚባለው ደን አለ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ተደባልቆ ገደሉን አልብሶት ይታያል። ከፍ ሲሉ አስታና ጅብራ ይገኛል። በዚህ ደን ድኩላ ይኖራል። ብዙዎቻችን ድኩላንና አጋዘንን አንድ እናደርጋቸው ነበር፤ ግን ይለያያሉ። የደጋ አጋዘን የሚገኘው በባሌና በአርሲ በኩል ባሉ ተራሮች ነው። የእኛ አገሩ ድኩላ ከእርሱ ያንሳል። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጠጉርና ጠምዘዝ ያለ ቀንድ አለው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ቀንድ የላትም። በሳይንስ መጻሕፍት ይህ የደጋ ድኩላ በዐፄ ምኒልክ ስም ይጠራል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

ከምናስተምራቸው አዋቂዎች መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዳኝ እንደነበሩ ሰምተናል። አንድ ቀን «ተከለከለ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፍንና እንዲያነቡ ጠየቅናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት አይተው «ተከለ!» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። «አባባ፣ አይገምቱ፤ እስከ መጨረሻው ያንብቡ» አልናቸው። ዝም አሉ።

ጥቅምት ላይ ነው። የባቄላው እሸት ደርሷል። ሽማግሌው ከደኑ ሥር ያለውን ማሳቸውን ሌሊት ይጠብቁ ነበር። ጃርቱም፣ ከርከሮውም፣ አንዳንዴም ድኩላው እሸቱን ይበላባቸዋል። እኛም «አብረንዎት እንደር፤ ድኩላም ከመጣ እናድናለን» አልናቸው። እሳቸው «ኑ፣ ማሳ ጠብቁ» ብቻ አሉን። አደን የጨመርንበት እኛ ነን።

ጋቢ ደርበን፣ ቆሎ ይዘን ወጣን። ምን ልበላችሁ፣ የአንኮበር ብርድ አጥንት ይሰብራል! እኛ ከማሳው በላይ፣ ከደኑ ጫፍ እንቀመጥ አልን። ሽማግሌው ግን «አይሆንም» አሉ። «ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ነፋስ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ብትቀመጡ ጠረናችሁ ማሳው ላይ ይፈስሳል። ድኩላ ዓይኑን ብትደብቁት አፍንጫውን አትደብቁትም» አሉን። ከታች በኩል፣ ከድንጋይ ካብ ሥር ተቀመጥን። ማንበብ የምናስተምራቸው ሰው ነፋሱን ያነቡልን ጀመር።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ከላይ ቅጠል ኮሽ አለ። ልባችን መታ። ወዲያው ከመካከላችን አንዱ ሳሉን መቆጣጠር አቅቶት አሳለ። ከጫካው ውስጥ እንደ ውሻ ያለ ጩኸት ተሰማ። «የማን ውሻ ነው?» አልን። «ውሻ አይደለም፤ ድኩላ ነው። ሲደነግጥ እንዲህ ይጮኻል። በቃ፣ ለዛሬ አትጠብቁት» አሉን። አፈርን፤ ተናደድንም። በተለይ ያሳለው ጓደኛችን ሳያካክስ ወደ ሠፈር መመለስ አልፈለገም።

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው «አጥሩን አይቼ ልምጣ» ብለው ወደ ታች ወረዱ። ጠመንጃቸውን ባዶውን፣ ዝናራቸውንም ለብቻው አስቀምጠው ነበር። ከዝናሩ ጥይት አውጥተን ያጎረስነው እኛው ነን። ማንም አላዘዘንም።

ብዙም አልቆየ፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ እንደገና ኮሽ አለ። ጥቁር ነገር ጎንበስ ቀና ሲል አየን። «ወንድ ድኩላ ነው! ጥቁር ነው!» ተባባልን፤ በሹክሹክታ። ሁላችንም አየነው። ሁላችንም እርግጠኛ ነበርን። ጓደኛችን አነጣጠረ። ጣቱ ቃታው ላይ ነበር።

ያን ጊዜ የሽማግሌው እጅ ከኋላ መጥቶ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፈቀው። አንድም ቃል አልተናገሩም። ጠመንጃውን ተቀብለው ጥይቱን አወጡና ወደ ቁጥቋጦው ተጣሩ።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ! ጥጃዋ ጠፍታ ነው!»

የልጅ ልጃቸው ነበረች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ጥቁር ባና ተከናንባ፣ ጎንበስ ብላ፣ እሾህ ውስጥ የተሰነቀረች ጥጃ ትጎትት ነበር።

ጉልበታችን ራደ። ያነጣጠረው ጓደኛችን መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ልጅቷ ግን ምንም አላወቀችም፤ ጥጃዋን እየነዳች ሄደች። ሽማግሌውም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አይቼ ቃሉን ስገምት ሳቃችሁብኝ። ልክ ናችሁ፤ ገምቻለሁ። እናንተ ደግሞ ጥቁር አይታችሁ ድኩላ አላችሁ። እኔ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። ጥይት ግን ምን ይታረማል?»

መልስ አልነበረንም።

ቁልቁል ስንወርድ፣ ከመተኮስ በፊት አዳኝ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባውን ነገሩን። ያየሁት በእርግጥ እንስሳው ነው ወይ? ከኋላው ሰው፣ ቤት ወይም ከብት አለ ወይ? ወንድ ነው ሴት? ሴቷ ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ነው ለግጦሽ የምትወጣው። እርሷ ከተመታች ግልገሉ በተደበቀበት በረሃብ ይሞታል። በጨለማ ቀንድ አይለይም፤ ስለዚህ በጨለማ የሚተኩስ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም። ከእነዚህ አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻለ ሰው ጠመንጃውን ያውርድ።

እኛ ደግሞ ያላነበብነው ሌላ ነገር ነበር። እርሱም ሕጉ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እንደሚለው፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ1972 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 192 ደንንና የዱር አራዊትን ለመጠበቅ የታወጀ ነበር። የተማርን ነን ብለን ነበር፤ ግን ሳንጠይቅና ሳናነብ ጠመንጃ አነሳን። ሰው ባይሞትም ጥፋተኞች ነበርን።

«ታዲያ እሸታችንን ሲበላ ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። ኧረ አይደለም! ማማ ሠርቶ መጠበቅ፣ በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ ማባረር፣ ውሻ ማሰር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተራ ገብቶ ማደር ይቻላል። ጉዳቱ ሲበዛም ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። ማመልከቻ መጻፍ አሁን ለእናንተ አይከብድም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የነገርናችሁ አዳኞች እንድትሆኑ አይደለም። ጀማሪ አንባቢና ጀማሪ አዳኝ አንድ ዓይነት ፈተና ስላለባቸው ነው። ሁለቱም ይቸኩላሉ። ጥቂት አይተው የቀረውን ይገምታሉ። የብድር ውል ሲሰጣችሁ የመጀመሪያውን መስመር አይታችሁ አትፈርሙ። የመድኃኒቱን ስም አንብባችሁ «በቀን ስንት ጊዜ» የሚለውን አትዝለሉ። የፀረ ተባይ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ሳትጨርሱ ክዳኑን አትክፈቱ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ አፍረን ባለመጠየቃችን ልጅ ልናጠፋ ነበር።

በማግሥቱ ማታ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ወደ ክፍል መጡ። ያው ቃል ሰሌዳው ላይ ነበር። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፉ ቀስ ብለው አነበቡት፤ «ተ፣ ከ፣ ለ፣ ከ፣ ለ። ተከለከለ።» ከዚያ ዞር ብለው አዩን። በዚያ ማታ ማንም አልሳቀም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሽማግሌው ከማሳው በታች መቀመጥን ለምን መረጡ?
2. ተማሪዎቹ ያጠፉት ምን ምን ነው?
3. ሳትጨርሱ አንብባችሁ ወይም ሳታጣሩ ወስናችሁ የተጎዳችሁበት ጊዜ አለን? ተነጋገሩበት።