ትልልቆቹ አገሮች መቼ ነው የሚሰሙን?

(ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ላይ ለወጣቶች የቀረበ ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁን ሙሉውን ለጥፈነዋል። አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።)



የሲዳማ ሽማግሌ ወደ ነገር ከመግባቱ በፊት «አፊኒ?» ይላል። ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ያልሰማ ካለ መጀመሪያ ይሰማል፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በዚያው ልጀምር። ሎቄን ሰምታችኋል? እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ያኔ ወይ አልተወለዳችሁም ወይ እናታችሁ ጀርባ ላይ ነበራችሁ።

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሕዝቡ በሐዋሳ አስተዳደር ጉዳይ የመጣበትን ውሳኔ ለመቃወም ከገጠርም ከከተማም ተጠራርቶ ሰልፍ ወጣ። ሎቄ ሲደርስ ታጣቂዎች ተኮሱበት። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። እኔ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው እናቴ በሩን ከውስጥ መቀርቀሯን፣ ማታ ደግሞ አባቴ የጀርመን ድምፅን ለመስማት ሬዲዮኗን ጆሮው ላይ ለጥፎ መቀመጡን ነው። የሆነውን እኮ ያውቀዋል፤ ከመንደሩ ሰው ሞቷል። የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። ዓለም ሰማ ወይ? ዓለም ከሰማ አንድ ነገር ይደረጋል ብሎ ያምን ነበር።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ እምነት ነው። አባቴ በሬዲዮ የጠበቀውን እኛ አሁን በስልክ እየጠበቅን ነውና።

ጊዜውን አስቡት። 1994 ማለት ኒው ዮርክ ላይ ሕንፃዎቹ ከፈረሱ ዓመት ያልሞላበት ወቅት ነው። አሜሪካ በአፍሪካ ቀንድ ከጎኗ የሚቆም ጠንካራ ጦር ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ያ ጦር አለው። ታዲያ በሎቄ ምክንያት ማን ከማን ይጣላል? ጎረቤት ተደብድቦ ሲጮህ «አይዞህ» ብለው በራቸውን እንደሚዘጉ ሰዎች ነው የሆነው። እርዳታውም ጉብኝቱም ቀጠለ።

ይሄ በእኛ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ1936 ዓ.ም. የትግራይ ገበሬ ቀዳማይ ወያኔ ብሎ ተነሣ። ሹማምንቱ በደሉን፣ ግብሩ ከበደን ነው ያለው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲጨንቃቸው እንግሊዞችን ጠየቁ፤ አውሮፕላን ከኤደን ተነሥቶ መቀሌን ደበደበ። ልብ በሉ፣ እንግሊዝ ከሁለት ዓመት በፊት ፋሺስትን ከዚህ አገር ለማስወጣት አብራን የተዋጋች ናት። ነፃ አውጪያችን ያልናት፣ ገበሬው በገዛ መንግሥቱ ላይ ሲነሣ ቦምብ ይዛ መጣች።

በ1966ም ተማሪው፣ ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ አደባባይ ወጣ። አብዮቱን ደርግ ወሰደው። አሜሪካ መሣሪያ መሸጧን አላቆመችም፤ የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታውን የቆረጠው በ1969 ነው። ጥሩ አደረገ እንበል። ግን ምን ሆነ? ዓመት ሳይሞላ የሶቪየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ ማራገፍ ጀመሩ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። የእናንተ እኩዮች በቀይ ሽብር መንገድ ላይ ተጥለው ሲያድሩ፣ ሞስኮ ስለእነሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

1997ን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ምርጫው ግንቦት 7 ተካሄደ፤ በሰኔና በተከታዩ ዓመት ጥቅምት አዲስ አበባ ውስጥ ጥይት ዘነበ። አጣሪ ኮሚሽኑ የተገደሉት ሲቪሎች 193 ናቸው አለ። ለጋሾች ተቆጡ፣ በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አገዱ። ብዙዎቻችን «በቃ፣ አለቀላቸው» ብለን ነበር። በዓመቱ ገንዘቡ «መሠረታዊ አገልግሎቶችን መጠበቅ» የሚል ስም ወጥቶለት በወረዳ በኩል ተመልሶ መጣ። እውነቱን ለመናገር የጤና ጣቢያና የአስተማሪ ደመወዝ ይከፍል ስለነበር ይቁም ማለትም ከባድ ነው። ታኅሣሥ 1999 ላይ ሠራዊቱ ሶማሊያ ሲገባ ደግሞ ዋሽንግተን ከጎኑ ቆመች፤ የ193ቱ ነገር ተረሳ።

አሁን ወደምታውቁት ልምጣ። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ ኦባማ አዲስ አበባ መጥቶ መንግሥቱን በዴሞክራሲ የተመረጠ ነው አለ። በአራት ወሩ ጊንጪ ላይ ተማሪው ተነሣ፣ ኦሮሚያ በሙሉ ተከተለ። ሐምሌ 2008 ጎንደር፣ ነሐሴ ባሕር ዳር። ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ እጆቹን አጣምሮ ዓለምን አሳየ። መስከረም 22 ቀን 2009 የቢሾፍቱ ኢሬቻ ወደ ሐዘን ተለወጠ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በቀናት ውስጥ ሜርክል አዲስ አበባ ገባች። ለተቃዋሚ ቦታ ስጡ ብላለች፣ አልክድም። ብላ ግን ሄደች።

መንግሥትስ ምን አለ? ከግርግሩ ጀርባ ግብፅና ኤርትራ አሉ አለ። ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ሕዝብ ሲነሣ አምባገነን መጀመሪያ የሚያደርገው የሕዝቡን ቁጣ ለባዕድ መስጠት ነው። ስለዚህ እኛ ራሳችን ሁሉን ነገር «የውጭ ሴራ» ስንል የነሱን ቋንቋ እየተናገርን ነው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለማርያም ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ወዲያው ሁለተኛው አዋጅ ሲወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ በግልጽ ተቃወመ። ድፍረቱ ከየት መጣ? መንግሥቱ መንገዳገዱን አይተው ነዋ! ዲያስፖራው ለዓመታት ደጅ የጠናበት ኤች አር 128 የተባለው ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤታቸው የጸደቀው ሚያዝያ 2 ነው። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24። ቁጠሩት። እኛ በሩን ከከፈትን ከስምንት ቀን በኋላ ነው ቁልፉን ያቀበሉን።

ዲያስፖራው የሠራው ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም። የሞተው ሰው ስም በሰነድ እንዲቀመጥ አድርጓል፤ ያ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን እንወቅ ነው።

ጎረቤታችንን ሱዳንን እዩ። ሕዝቡ ለወራት ጮኾ በሚያዝያ 2011 አል በሽር ወረደ። በዚያው ወር ሳዑዲና ኤምሬትስ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ለማን? ለጄኔራሎቹ ምክር ቤት! ወጣቱ ገና ካርቱም አደባባይ ላይ ተቀምጧል። ግንቦት ማብቂያ ላይ በጥይት በተኑት። አሁን ያ አገር የት እንዳለ ታውቃላችሁ። የሱዳን ወጣት ድፍረት ጎድሎት አይደለም። ገዢውን ካወረደ በኋላ መሣሪያው በማን እጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ፤ ገንዘብ ያላቸው መጥተው መለሱት።

አንዳንዶቻችሁ «ማዕቀብ ይጣል» እያላችሁ ስትጽፉ አያለሁ። እዚሁ ከተማችን ያለውን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ። ሐምሌ 2008 ነው የተመረቀው፤ አዎ፣ ጎንደር በተነሣበት ወር። ቻይናዎች ገነቡት፣ የአሜሪካ ልብስ ገዢ ገባበት። ኅዳር 2014 ላይ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ የአጎአን ዕድል ልትነሣን ስትል ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘጋ። ማን ተቀጣ? ባለሥልጣን ደመወዙ አልተቆረጠም። የተቀጣችው ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ መጥታ አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ሸሚዝ የምትሰፋው እህታችሁ ናት። ማዕቀብ ፈጽሞ አይጠቅምም አልልም፤ የሰውየውን የባንክ ሒሳብና ቪዛ የሚነካ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ግን ከመጠየቃችሁ በፊት በማን ላይ እንደሚወድቅ ጠይቁ።

አንድ የሚመር ነገር ልናገር፤ ብትቆጡም ተቆጡ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው 98.5 ከመቶ ሲወጣ ያመጣው ኤምባሲ አልነበረም፤ ሌሊት ተነሥቶ የተሰለፈ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2011 ግን በሲዳማ ከተሞች ሰው ሞቷል፣ ንብረት ተቃጥሏል፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ጎረቤታችን ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። የተኮሰውን መንግሥት እንወቅሳለን፣ ልክ ነው። የኛንስ እጅ? ያቺ የተቃጠለች ሱቅ ፎቶዋ የትም ደረሰ። ለጎረቤታችን ያልሆንን ሰዎች ከዋሽንግተን ፍትሕ ስንጠይቅ የሚሰማን ማነው?

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሎቄ ላይ የነበሩ ሰዎች እያረጁ ነው፤ ባለፈው ክረምት እንኳን ሁለቱን ቀብረናል። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ያየ ሰው ካለ ቁጭ ብላችሁ አናግሩት። ስልካችሁ ይቀዳል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየውንና የሰማውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ያላየውን አትጨምሩበት። ስሙን ያለ ፈቃዱ የትም እንዳትለጥፉ። የሐምሌ 2011ንም እንዲሁ፤ የተባረረውን ጎረቤት ጨምራችሁ። በሁለት ሳምንት ቅዳሜ እዚሁ እንገናኝና የሰበሰባችሁትን አብረን እናያለን።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከኋላ ያለችው እህቴ፣ አንቺ ጀምሪ።