የፍራንዝ ቦአስ መለኪያ



መሐንዲስ ልኬታ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ይፈትሻል፤ የተዛባ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር ምንም ያህል ቢደጋገም እውነት አይሆንምና። ይህን ጥንቃቄ ወደ ሰው ልጅ ጥናት ካሻገሩት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ፣ የባህል አንትሮፖሎጂ ፈር ቀዳጅ ፍራንዝ ቦአስ ነው።

ቦአስ እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመን አገር በሚንደን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1881 ከኪል ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘው የውኃን ቀለም አጥንቶ ነው። በ1883 ካርታ ሊያነሣ ወደ ባፊን ደሴት ተጉዞ ከኢኑዊት ሕዝብ ጋር ከረመ፤ በዚያ ብርድ ሕይወቱ የተመካው «ያልሠለጠኑ» በሚባሉት ሰዎች ዕውቀት ላይ ነበር።

በዘመኑ አንዳንድ ሊቃውንት፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱን ቃል በተለያየ ድምፅ ይጠሩታል፣ ይህም የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ይሉ ነበር። ቦአስ በ1889 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሚዋልለው የተናጋሪው አንደበት ሳይሆን በራሱ ቋንቋ የተቃኘው የሰሚው ጆሮ መሆኑን አስረዳ። «ቀ»ን ከ«ከ» መለየት የተሳነውን እንግዳ ያየ አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ አይጠፋውም።

በ1899 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። የራስ ቅል ቅርጽ የማይለወጥ የዘር መለያ ነው የሚለውን እምነት ለመፈተን ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለካ። በ1911 በታተመው ዘገባ መሠረት፣ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ልኬት ከወላጆቻቸው ተለይቶ ተገኘ። የልዩነቱ መጠን ዛሬም ቢያከራክር፣ የዘር መበላለጥን በቅል ልክ ለሚያስረዱ ሰዎች ከባድ ምት ነበር።

ይሁን እንጂ ሰውየው ራሱም ከስሕተት አልዳነም። በኒው ዮርክ ቤተ መዘክር ሲሠራ፣ አንድ የግሪንላንድ ሰው ለጥናት እንዲመጣለት ጠየቀ፤ አሳሹ ሮበርት ፒሪ በ1897 ስድስት ሰዎች አመጣ። አራቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሚኒክ የተባለውን ሕፃን ለማጽናናት የአባቱ የውሸት ቀብር ተፈጸመ፤ አጽሙ ግን በቤተ መዘክሩ ቀረ። ቦአስ ኋላ ሲጠየቅ ድርጊቱን ተከላከለ። የሟቾቹ አጽም ወደ አገሩ የተመለሰው በ1993፣ ቦአስ በ1942 ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነበር።

እንግዲህ ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ነው። መንገድና ግድብ የሚቀይስ ባለሙያ የመሬቱን ከፍታ ከመለካቱ ጋር፣ ነዋሪውን የሚሰማበትን ጆሮም ይፈትሽ። ትናንት መሣሪያውን ማረሙም የዛሬውን ስሕተት አያስቀርለትምና፣ ፍተሻው በየሥራው እንደ አዲስ ይጀመር።