ዋቢ ሲጠራ ስም አይጥፋ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዕለት አሶሳ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ምርምር ጽሑፍ አንድ ነገር በል» ሲለኝ የመረጥኩት ስለ ዋቢ ጽሑፎች አጻጻፍ ነው፤ በተለምዶ ሪፈረንስ ስለምንለው። «ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ልንቆጥር ነው እንዴ የተሰበሰብነው?» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። ነጥቡንና ሰረዙንማ ዛሬ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ኮምፒውተሩ በራሱ የማያውቅልን ግን አለ፤ ስማችንን፣ የዘመን አቆጣጠራችንን፣ የአገራችንን አጠራር። የማወራችሁ ስለ እነዚህ ነው።

«ዋቢ» ማለት ዋስ፣ መተማመኛ ማለት ነው። ሰው ለክርክሩ ዋቢ ሲጠራ፣ የተጠራው ተፈልጎ የሚገኝ መሆን አለበት። የጆርናል አርታኢም ከዝርዝራችን የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ማን ጻፈው? መቼ? ምን ብሎ? የትስ ይገኛል? የቀረው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ቫንኩቨር የሚባለው ስልት መነሻው የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ተሰብስበው የተስማሙበት ነው፤ ዋቢውን በቁጥር ይጠራል። ኤፒኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ከወጣ የሰባት ገጽ መመሪያ ተነሥቶ ያደገ ነው፤ ደራሲውንና ዓመቱን ይጠራል። የትኛውን እንጠቀም? ጆርናሉ ያለውን። ለደራሲዎች ያወጣውን መመሪያ ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡ፤ ከተመለሰባችሁ በኋላ አይደለም።

ችግሩ ሁለቱም የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ የለንም። መታወቂያችን ላይ ያለው የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ማሽላ ለዚህ ክልል ገበሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ አቀንጭራም ማሽላውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። በዓለም አቀፍ ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ ግን በ«ገ» ተራ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። «እጄታ፣ ገ.» ተብለው ነው ያሉት፤ የተጠሩት አባትየው ናቸው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት መጽሐፍ «ታደሰ ታምራት 1972» ተብሎ ይጠቀሳል፤ ይህን ልማድ የማያውቅ ጆርናል ላይ ግን «ታምራት 1972» ይሆናል።

ሁለቱም አጻጻፍ በሥራ ላይ ያለ ነው። ጉዳቱ ሲደባለቅ ነው። አንዲት ወጣት መምህርት የመጀመሪያ ጽሑፏን በአባቷ ስም፣ ሁለተኛውን በራሷ ስም፣ ሦስተኛውን ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው በአያቷ ስም ብታወጣ፣ ለፍለጋ ሞተሩ ሦስት ሰው ሆነች። ሌሎች የጠቀሱላት ሥራ ተበታተነ። ዕድገት በሚጠየቅበት ቀን «ይህችም እኔ ነኝ፣ ያችም እኔ ነኝ» እያለች መከራከር ሊኖርባት ነው እኮ!

ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ ፊደሉም በላቲን አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ጡረታ አትቀይሩት። ኦርሲድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ለተመራማሪ ነፃ ነው። ጥንድ ስሞችን አትነጣጥሉ፦ «ገብረ ማርያም»ን ብትነጣጥሉት ማርያም ደራሲ ሆና ትገኛለች፤ «አብዱል ቃድር»ም ሲቆረጥ ለብቻው ስም ያልሆነ ነገር ይቀራል። ላቲኑን አጋጥማችሁ ወይም በሰረዝ አያይዛችሁ ጻፉት። ዞቴሮ የምትጠቀሙ፣ ከደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን አንድ የሚያደርግ ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ስትነኩ ፕሮግራሙ ስሙን መገልበጥ ይተዋል። በዚህ ላይ መመሪያው ዝም ካለ ለአርታኢው ሁለት መስመር ጽፋችሁ ጠይቁ።

ወደ ዓመቱ ልለፍ። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ፣ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 2011። በአማርኛ የወጣን ሰነድ «2003» ብላችሁ ብቻ ከጠቀሳችሁ፣ ውጭ ያለ አንባቢ ግድቡ ከመጀመሩ ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስለዋል። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ደምሩ። ወሩ ካልታወቀ «2003 ዓ.ም.» በሉና አጠገቡ «2010/11» አድርጉ። በግምት አንዱን አትምረጡ።

የቦታ ስምም አለ። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ስለ ጨውና ወርቅ የሚያወሳው የታሪክ መጽሐፍ፣ ዓብዱሰመድ አህመድም እ.ኤ.አ. በ1999 በአፍሪካ ታሪክ ጆርናል ያወጡት ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረው ጽሑፍ፣ አርዕስታቸው ላይ ያለው «ቤላ ሻንጉል» ነው። «ቤኒሻንጉል» ብላችሁ ብቻ ብትፈልጉ ሊያመልጧችሁ ይችላሉ። ስትፈልጉ በሁሉም አጠራር ፈልጉ፤ ስትጠቅሱ ግን አርዕስቱን አታርሙ፤ እንደታተመው ጻፉት። በራሳችሁ ጽሑፍ ውስጥ የዛሬውን ስም ተጠቀሙ።

«እኔ የወረዳ ባለሙያ ነኝ፣ ጆርናል ምን ያደርግልኛል?» የምትሉ፣ ለእናንተም አለኝ። ስለ ሽመል ደን፣ ስለ ወባ፣ ስለ ሰፈራ የምታዘጋጁት ሪፖርት ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ስንቱ ነው ያለ አዘጋጅ ስም፣ ያለ ቀን መደርደሪያ ላይ ያለው? እንዲህ ያለውን ወረቀት ማንም በወጉ ሊጠቅሰው አይችልም። ሽፋኑ ላይ አዘጋጁን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። አንድ መስመር ናት፤ ሥራችሁን ዋቢ የምታደርገው እሷ ናት።

አዛውንቶቻችንም ዋቢ ናቸው። በታሪክ ትምህርት ክፍሎች የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር የሚባል መልካም ልማድ አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ይመዘገባል። «የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚሉት» ብሎ ማለፍ ግን የሰውን ዕውቀት ወስዶ ስሙን ማስቀረት ነው። ይህን ስል አንድ ጥንቃቄ አለ። በመተከልም በካማሺም ያለፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሙ ቢጻፍ የሚጎዳ ሰው ካለ ስሙ አይጻፍ። ውሳኔው የተናጋሪው ነው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ምክንያቱንም ጽሑፉ ውስጥ ግለጹ።

በመጨረሻ፣ አሁን አዲስ ነገር መጥቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም «ሪፈረንስ ስጠኝ» ሲባል ደራሲው፣ ዓመቱ፣ ቅጹ ሁሉ ያማረ፣ ግን በዓለም ላይ የሌለ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ዲኦአይ ክፈቱ። የተከፈተውም አርዕስቱና ደራሲው እናንተ ከጻፋችሁት ጋር መግጠሙን እዩ። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከመካከላችን በጆርናል ላይ ያሳተማችሁ አላችሁ። አንድ ወጣት መምህር ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ዝርዝሩን የሚያይለት አንድ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ቢያገኝ አንድ ምሽት ይበቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ያው፣ በየትኛው ስም መጠራት እንደምትፈልጉ ጨምራችሁ ንገሯት!