መዥገርና የዓይን ጤና
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)




መዥገር ሲነሣ ገበሬው ቶሎ የሚያስበው የሚቀንሰውን ወተት፣ የሚቆስለውን ጡትና የሚበላሸውን ቆዳ ነው። ይሁን እንጂ መዥገር የሰውንም ጤና ያውካል፤ አልፎ አልፎም ዓይንን ይጎዳል።

በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ በብዛት ከሚገኙት መዥገሮች አንዱ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም የሚባለው ባለቀለሙ ዓይነት ነው። ይህ መዥገር ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለውን ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ባክቴሪያው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተሰየመው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ሰው ከተነከሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምረዋል። በተነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይታያል፤ በአቅራቢያውም ንፍፊት ይወጣል።

ዓይን የሚጎዳው እንዴት ነው? ሪኬትሲያዎች የሚያጠቁት የደቃቅ ደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ ነው። ዓይን ደግሞ በእነዚህ ደም ሥሮች የተሞላ ነው። ስለዚህ የዓይን የውስጥ ክፍል ሊቆጣ፣ ሬቲናም ሊያብጥ ወይም ሊደማ ይችላል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል። የደረሰበት ሰው ሳይታከም ከቆየ ግን የማየት ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል።

ሌላም መንገድ አለ። በውሻ መዥገር የሚተላለፈው የቅርብ ዘመድ ባክቴሪያ፣ መዥገሩን በጥፍር ጨፍልቆ በዚያው እጅ ዓይንን በማሸት ጭምር ሊገባ ይችላል።

ትራኮማ በሚበዛበት አካባቢ የቀላ ዓይን ሁሉ ቅባት ይቀባል። ቅባት ግን በዓይን ውስጥ ያለውን ቁጣ አያድንም። ከትኩሳት ጋር ወይም ከትኩሳት በኋላ ዓይን ቢቀላ፣ ብርሃን ቢፈራ፣ ከውስጥ ቢያም ወይም እይታ ቢደበዝዝ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሕመምተኛው መዥገር እንደነከሰው ወይም ከብት እንደሚጠብቅ ለባለሙያው ይንገር። ለበሽታው በአብዛኛው የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን አይሠሩም። ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስነው ባለሙያው ነው።

መከላከሉ ከበረት ይጀምራል። ከብቶችን በወቅቱ ማስረጨት፣ ሲያልቡና ሲያክሙ ገላን መፈተሽ፣ የተጣበቀውን መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ላምባ ማፍሰስም ሆነ በእሳት መለብለብ አይገባም።

የመዥገር መድኃኒት ለአባላት በሚቀርብበት ጊዜ ጓንትና ወረንጦ አብረው ቢቀርቡ፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪምና የጤና ባለሙያም መዥገር ስለበዛበት ቀበሌ ቢነጋገሩ፣ ወጪው ትንሽ፣ የሚድነው ግን የሰው ብርሃን ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!